የኮባ ውታፍ

አውሮፕላኗ ከሜዳው ተነስታ ገና የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ሳታልፍ ሞተሯ አሳለ። ሚክያስ ድምፁን ሲሰማ የያዘው የሻይ ብርጭቆ ከእጁ አመለጠ። ሌላው ሰው ሁሉ አንጋጦ ይስቃል፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ያያሉ። እሱ ግን ሆሳዕና ላይ ጋራዥ ከፍቶ ዕድሜውን ከሞተር ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነውና የሰማው ነገር አልጠፋውም። ነዳጅ የራበው ሞተር ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ እንደ ተያዘ አሮጌ መኪና አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል።

«አሞጽ፣ ምን ነካት?» አለ ወደ ወንድሙ ዞሮ።

አሞጽ አጠገቡ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። የሚያየው ሰማዩን አይደለም፣ የገዛ እጁን ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ካልያዝነው አይገባም። በዚያ ክረምት ተምች የሶሮ ወረዳን ስንዴ ሊጨርሰው ሲደርስ አንድ ድርጅት ከአዲስ አበባ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ይዞ መጣና ከጊምቢቹ ወጣ ብሎ ያለውን የግጦሽ ሜዳ ማረፊያ አደረገው። ረዳት መካኒክ ሲፈልጉ የሚክያስን ታናሽ ወንድም አሞጽን ወሰዱት። አሞጽ ሙያውን የተማረው ወንድሙ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፣ ምላሱም እንደዚያው። እናታቸው ገነቴ ቸርች ውስጥ ተነስታ «ጌታ ልጄን ወደ ሰማይ አወጣልኝ» ብላ መሰከረች። ልጁ እንኳን ሰማይ ሊወጣ መሬት ላይ ተንጋሎ ብሎን ነው የሚፈታው፤ ግን እናት ናት፣ ማን ይከራከራታል። ዋናው መካኒክ ሰርግ አለብኝ ብሎ አዲስ አበባ ሲወርድም ሥራውን ሁሉ ለአሞጽ ጥሎለት ሄደ። «ትንሽ ሥራ ናት፣ ማጣሪያውን ማጠብ ብቻ ነው» አለው። ሞተሯ ባሳለበት ቀን ጠዋት ቆጮና አይብ በቅጠል ጠቅልላ፣ «ሂድ እየው፤ ወንድምህን አደራ» ብላ ሚክያስን በሚኒባስ የላከችው ገነቴ ናት።

ከጊምቢቹ መናኸሪያ እስከ ሜዳው ያደረሰው ከማል የሚባል ባለባጃጅ ነበር። ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«ይህቺ ጉደኛ ቤቴ ላይ ባለፈች ቁጥር ላሜ ወተቷን ትይዛለች» አለው እየሳቀ። «ዛሂራማ ለምዳታለች፣ እጇን ታውለበልብላታለች። አንተስ ገብተህባት ታውቃለህ?»

«እኔማ ዛሬ ገና ላያት ነው» አለ ሚክያስ፤ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም። «ሞተሯን የሚፈታትም የሚገጥማትም ግን ወንድሜ ነው።»

ዛሂራ የከማል ሚስት ናት። ቤታቸው ከሜዳው ጫፍ ነው፤ ከደጃቸው የኮባ ተክላቸው ይጀምራል። ከማል ሚክያስን ወንድሙ አጠገብ አውርዶ፣ ሻይ ሲቀዳለት አይቶ፣ «መልካም ዋል፣ ጋሼ» ብሎ ወደ መናኸሪያው ተመለሰ።

አሁን ሞተሩ እንደገና ለቀቀ፤ መልሶም አልያዘም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጸጥታ የሰማ ሰው እርሳው ቢሉት አይረሳውም። አውሮፕላኗ ሙሉ መድኃኒት እንደ ጫነች አፍንጫዋን ደፋች፣ አንዱ ክንፏ ባሕር ዛፍ መታና ተገነጠለ፣ እሷም ተገልብጣ በጀርባዋ የእነ ከማል ኮባ ውስጥ ገባች። መሬቱ እግራቸው ሥር ዘለለ። ሳቁ ባንዴ ኡኡታ ሆነ።

ዛሂራ ቅጠል እየቆረጠች ነበር። የተገነጠለው ክንፍ ቀና ስትል አገኛት፤ ማጭዷን እንደ ጨበጠች ከወገቧ ላይ ለሁለት ከፈላት። ደሟ የኮባውን ግንድ ከላይ እስከ ታች አለበሰው። ቀድመው የደረሱት ሴቶች ዓይናቸውን ሸፈኑ። አንዷ ሻሿን ፈትታ ጣል አደረገችባት፤ ሻሹ ግን የሚሸፍነው ትንሽ ነበር።

ሚክያስ ሮጦ የደረሰው አውሮፕላኗ ጋ ነው። ፓይለቱ፣ ፍሬው የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ታሰረ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። አፉ ውስጥ ደምና ጥርስ ሞልቶበታል። ቤንዚኑ ከላይ ይንጠባጠባል፤ አንድ ብልጭታ ብትነሳ ሁሉም ነዶ ማለቁ ነው። ሚክያስ ሴንጢውን አውጥቶ ቀበቶውን ቆረጠና ሰውዬውን በብብቱ ይዞ ጎተተው። የተሰበረ እግሩ ብረት ሲነካበት ፍሬው እንደሚታረድ በሬ አጓራ።

«አቅም አጣ» ይላል ደሙን እየተፋ። «ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁት… ሞተሩ አቅም አጣ።»

ሚክያስ ሞተሩን ያየው ያኔ ነው። ከቦታው ተነቅሎ በጎኑ ተኝቷል። ከነዳጅ ማጣሪያው የሚወጣው ጎማ ተበጥሶ አፉ ወደ እሱ ዞሯል። አፉ ውስጥ ቅጠል አለ።

ቅጠልማ የት ጠፍቶ። ክንፉም፣ ብረቱም፣ የሰዉ ፀጉርም የተቦጫጨቀ ኮባ ለብሷል። ያ ሁሉ ግን እርጥብና አረንጓዴ ነው። ይሄኛው ደረቅ ነው፤ ቡናማ፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣ ወገቡ ላይ በቃጫ የታሰረ። ሚክያስ በጣቱ ቆስቁሶ አወጣውና ሲያየው ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

ያገሩ ሰው ሁሉ ጀሪካን የሚወትፈው በደረቅ ኮባ ነው፤ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ሚክያስ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ጨርቅ ከልክሏል። ጨርቅ ክር ይለቃል፣ ክሩ ቱቦ ውስጥ ይገባል። አንድ ጎማ ሲፈታ ነዳጁ እንዳይፈስ በደረቅ ኮባ ይወተፋል። የእሱ ፈሊጥ ወገቡን በቃጫ ማሰርና ጫፉን እንደ ጭራ አርዝሞ መተው ነው፤ ኮፈን የሚዘጋ ሰው ጭራውን ሳያይ እንዳይዘጋ። ይሄን ቋጠሮ ከእሱ ጋራዥ ውጭ የሚቋጥር የለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መርማሪ ደግሞ ኮባ ላይ በወደቀ ሞተር ውስጥ ቅጠል ቢያገኝ ምን ይገርመዋል። ነገሩን የሚያውቁት እሱና አሞጽ ብቻ ናቸው። ይሄኛው ውታፍ ጭራ የለውም።

ቀና ሲል አሞጽ ፊቱ ቆሟል።

«ጭራው የታለ?» አለው ሚክያስ።

«ተበጠሰ» አለ አሞጽ። «ትናንት ማጣሪያውን ሳጥብ ዝናብ መጣብኝ። ስስበው ጭራው እጄ ላይ ቀረ። ሌላው ወጥቶ ወድቋል ብዬ… ነዳጁ ሲወርድ አየሁት እኮ። ዛሬም መሬት ላይ ሞተሩ ጥሩ ሠራ።»

«መሬት ላይ ምን ያህል ይጠጣል? የሚጠጣው ሲነሳ ነው። አጥብቆ ሲስብ ውታፉን ጎትቶ ጉሮሮው ላይ ሰነቀረው።» ሚክያስ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚናገረው። «ለፓይለቱ ነገርከው? ለአንድ ሰው እንኳ ነገርክ?»

አሞጽ ዞሮ የሚመጣውን ሕዝብ አየ። ሚክያስ ውታፉን ኪሱ ከተተው። ለምን ብትሉት እሱም አያውቅም፤ እጁ ነው ያደረገው።

ሕዝቡ ደረሰ። ዱላ የያዘ አለ፣ አካፋ የያዘ አለ፣ የዛሂራ ወንድሞች ከፊት ናቸው። እዚህ ላይ አሞጽ ያደረገውን ነገር ሰይጣን እንኳ ቆም ብሎ ያስብበት ነበር። መሬት ላይ የተዘረጋውን ፍሬውን በጣቱ እያሳየ፣ አንዴ ባገሩ ቋንቋ በሀዲይሳ አንዴ በአማርኛ ጮኸ።

«ሰክሮ ነው። ትናንት ሲጠጣ ያላየው ማነው? ሰክሮ ነው የጣላት።»

ይሄን ብሎ በከባድ የሥራ ጫማው የፓይለቱን አገጭ ረገጠው። አጥንቱ ሲሰበር ሚክያስ ሰማው።

ፍሬው ያለፈውን ምሽት ባረፈበት ሆቴል በረንዳ ላይ አንድ ቢራ ጠጥቷል፤ እውነት ነው። ግን ጴንጤውም ሙስሊሙም መጠጥ በማይወድበት ከተማ በረንዳ ላይ የተጠጣች አንዲት ቢራ ሲነጋ ሳጥን ሙሉ ትሆናለች። ሌላ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም። ዱላው ወረደ። አንዱ በአካፋ ጀርባ ጎኑን አለው፣ ሌላው የተሰበረ እግሩን ይዞ ጎተተው። ፍሬው መጮህ እንኳ አቃተው፤ ከተንጠለጠለው አገጩ የሚወጣው የሚንቋቋ ድምፅ ብቻ ነው። ሚክያስ እላዩ ላይ ተደፋበት። ዱላው ትከሻውን አገኘው፣ ጭንቅላቱን አገኘው፣ ደም ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ተዉ፣ አልሰከረም» ቢል ማን ይስማው። ሳጅን ነስሩ የሚባለው የጊምቢቹ ፖሊስ ክላሹን ደረቱ ላይ አቅፎ «በሕግ አምላክ» ይላል፤ የሚደበድቡት ጎረቤቶቹ ናቸውና ለመተኮስ ወኔ አጣ።

ከዚያ ሕዝቡ በራሱ ጸጥ አለና መንገድ ለቀቀ። ከማል መጣ።

ሚስቱን አይቶ ነው የመጣው። አቅፏት ስለነበር ሸሚዙ በደሟ ረጥቧል። አላለቀሰም። ከደጁ የኮባ መቁረጫ ገጀራውን አንስቷል። ግራና ቀኝ አላየም፤ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ፍሬው ነው።

አሁን ሚክያስ ምን ያድርግ? ኪሱ ውስጥ ያለውን ካወጣ ወንድሙ ይታረዳል፤ ካላወጣ ምንም ያላጠፋ ሰው ዓይኑ እያየ ይታረዳል። እናቱ አደራ ብላዋለች። ጊዜ ቢኖረው ሌላ መላ ይፈልግ ነበር ይሆናል፤ ጊዜ ግን የለም። ደሙን ከዓይኑ ጠርጎ ተነሳና ከማል ፊት ቆመ። ውታፉን አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋለት።

«ከማል፣ ሰውዬው አልሰከረም። ሞተሩን ያነቀው ይሄ ነው። የወተፍኩት እኔ ነኝ፤ ረስቼው ነው። የምትፈልገው እኔን ነው።»

ከማል ቆመ። ውታፉን ከመዳፉ ላይ አነሳና አየው፤ አሸተተው። ኮባ ውስጥ ተወልዶ ኮባ ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ የትኛው ዛሬ እንደ ተበጠሰ፣ የትኛው ቆይቶ እንደ ደረቀ ማንም አይነግረውም። የቃጫውን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ አሻሸው።

«ዛሬ ጠዋት ያመጣሁህ እኔ አይደለሁም?» አለ በዝግታ።

ሚክያስ ደሙን እንደገና ከዓይኑ ጠረገ።

«ዛሬ ገና ላያት ነው አልከኝ። ሻይ ሲቀዳልህ ትቼህ ሄድኩ። መቼ ፈታሃት? መቼ ወተፍካት?» የከማል ዓይን ከሚክያስ ትከሻ በላይ አለፈና አሞጽ ላይ አረፈ። «ሞተሯን የሚፈታትም የሚገጥማትም ወንድሜ ነው አላልከኝም?»

ወይ ጣጣ። ወንድሙን ሊያድን ዋሽቶ፣ ጠዋት በኩራት በተናገራት ቃል ራሱ አሳልፎ ሰጠው።

«ዞር በል፣ ጋሼ» አለው ከማል። «አንተን አልፈልግም።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ሚክያስ ዞር ሊል ነበር። አይፈረድበትም፤ ገጀራ ነው። እግሩ ተንቀሳቅሷል። ያን ጊዜ ከኋላው የአሞጽ እጅ ጃኬቱን ያዘው። ሚክያስ ልቡ ሞላ። ሊጎትተኝ ነው፣ እኔን ወደ ኋላ አድርጎ ራሱ ሊቀርብ ነው፣ «እኔ ነኝ» ሊል ነው ብሎ አሰበ፤ በዚያች ቅጽበት ወንድሙን በሕይወቱ ሙሉ ወዶት በማያውቀው ዓይነት ወደደው። ሌላኛው እጅ ወገቡ ላይ መጣ። እጆቹ ግን አልጎተቱትም። እዚያው ቸነከሩት። ወደ ግራ ሊል ሲል ወደ ቀኝ መለሱት፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ግራ። የአሞጽ ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ ይሞቃል።

ከማል የሰነዘረው አሞጽን ፈልጎ ነው። ገጀራው ሲወርድ ሚክያስ ቀኝ እጁን አነሳ። ከክርኑ ዝቅ ብሎ ገባ፣ አጥንቱ ላይ ተያዘ፣ ከማል ነቅሎ መልሶ አወረደው። መጀመሪያ የመጣው ሕመም ሳይሆን ሙቀት ነው። ሚክያስ የገዛ ጣቶቹ በቆዳ ተንጠልጥለው ሲንቀጠቀጡ አየ።

ነስሩ በመጨረሻ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሕዝቡ ተበተነ፤ አሞጽም ያኔ ለቀቀው፤ ሚክያስ ወደቀ። ከማል ገጀራውን ጣለና ሄዶ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ማልቀስ የጀመረው ገና ያኔ ነው። ውታፉ ከከማል እጅ ወድቆ በሚሮጠው ሰው እግር ተረግጦ ከሌላው ቅጠል ጋር ተቀላቀለ። ያነሳው የለም።

ወደ ሆሳዕና የወሰዳቸው የስንዴ ጭነት የሚያመላልስ ፒክአፕ ነው። ሚክያስና ፍሬውን ከኋላ ጎን ለጎን አስተኟቸው። አንዲት ሚክያስ የማያውቃት ሴት የቆሰለ ክንዱን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በቃጫ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው፤ ያ ማሰሪያ ባይኖር ሆሳዕና ሳይደርስ ደሙ ፈስሶ ባለቀ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሁለቱም ያቃስታሉ። ፍሬው መናገር አይችልም፤ ግን የሚክያስን ግራ እጅ ፈልጎ ያዘው፣ እስኪደርሱም አልለቀቀውም። አሞጽ ከፊት ከሹፌሩ ጋር ተቀምጧል። ወደ ኋላ አላየም።

ሐኪሞቹ እጁን ማትረፍ አልቻሉም። ሚክያስ ሲነቃ ከክርኑ በታች ወፍራም ፋሻ ብቻ ነው የቀረለት። ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ ፍሬው ተኝቷል፤ አገጩ በሽቦ ታስሮ፣ አንዱ እግሩ በጀሶ፣ ሌላው እግሩ በሰንሰለት ከአልጋው ብረት ጋር። ሰክሮ ሰው ገድሏል ተብሎ ነው። መርማሪዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ሞተሩን አዩ። ውስጡ ቅጠል ሞልቷል፣ ኮባ ላይ የወደቀ ሞተር ይሄ ሊገጥመው ይችላል ብለው ተመለሱ። ከማል እስር ቤት ሆኖ «ውታፍ ነበር፣ በእጄ ይዤዋለሁ» ይላል፤ ሚስቱ በሞተችበት ቀን የሰው እጅ የቆረጠን ሰው ግን ማን አምኖ ይስማው።

አሞጽማ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሌላ ታሪክ ይዞ መጣ። «ወንድሜ ፓይለቱን ሊያተርፍ ብሎ ከመሬት ቅጠል አንስቶ ነው ያሳየው» ይላል። «ከማል ሲሰነዝርብኝ ደግሞ ዘሎ ፊቴ ቆመ። እጁን ሰጠልኝ።» ሲናገር ያለቅሳል፤ ዕንባው የእውነት ነው። ታሪኩ ሆሳዕናን ዞረ፣ ቸርች ውስጥ ተሰበከበት። ዘማሪዎች አልጋው ዙሪያ ቆመው ዘመሩለት። ሚክያስ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣቸው። የሌለው እጁ ያሳክከዋል። የሌሉት ጣቶቹ ቅጠል እየጠመዘዙ ቃጫ ሲያስሩ ይሰማዋል።

ብቻቸውን በቀሩ ጊዜ አሞጽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ከእንግዲህ ብሎን አትፈታም» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጋራዡን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። እኔ ከታሰርኩ እማዬን ማን ይጦራታል? ለማታውቀው ሰው ብለህ ቤታችንን አትዝጋው።»

«ለምን ያዝከኝ?» አለ ሚክያስ።

አሞጽ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። ክፍሉ ሞቋል አለ።

ሳጅን ነስሩ ቃል ሊቀበል የመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ገነቴ ከቤት የበግ ሾርባ አምጥታ አሞጽ ለወንድሙ በማንኪያ እያጠጣው ነበር። የቸርች ሴቶችም ከግድግዳው ጋር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ነስሩ ወንበር ስቦ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እስክሪብቶውን አወጣ። ሚክያስን ቀና ብሎ ለማየት አፍሯል፤ ጥይቷን ቶሎ ተኩሶ ቢሆን ኖሮ የሆነው አይሆንም ነበርና።

«ንገረው፣ ልጄ» አለች ገነቴ። «ወንድምህን ከኋላህ አድርገህ እንዴት እንደ ቆምክ ንገረው። እኔም ደግሜ ልስማው።»

አሞጽ ማንኪያውን ወደ ወንድሙ አፍ አቀረበ። ዓይኑ ይለምናል።

ሚክያስ አልጎነጨም። ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረ። ፍሬው አልተኛም፤ እያየው ነው፣ ሰንሰለቱም የአንሶላውን ጫፍ ይዞ አጨማድዶታል። ሚክያስ እናቱን አየ። አርጅታለች፤ ይሄን ሳምንት ደግሞ ይብስ አርጅታለች። ግን አንዴ ለዚህ ወንድም ዋሽቶ አይቶታል፤ ያ ውሸት እጁን በላ እንጂ ማንንም አላዳነም።

«አልቆምኩም» አለ።

«ምን አልክ?» አለች ገነቴ።

«አልቆምኩም፣ እማዬ። ዞር ልል ነበር። ይዞኝ ነው።»

ሴቶቹ እርስ በእርስ ተያዩ። ሚክያስ ወደ ነስሩ ዞረ።

«ቅጠሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ውታፍ ነው። አሞጽ ጎማው ውስጥ ረስቶት ዘጋው። ስስበው ጭራው እጄ ላይ ቀረ ብሎ ራሱ ነግሮኛል። ቋጠሮውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ጋራዤ ሄደህ ብታይ ብዙ አለ። ከማል የሚለው እውነት ነው። ይሄ ሰውዬም አልሰከረም፣ ሰንሰለቱን ፍቱለት።»

«መድኃኒቱ ነው፣ እማዬ» አለ አሞጽ ቶሎ ብሎ። «የሕመም ማስታገሻው ነው የሚያስቀባጥረው። ሐኪሙን ጠይቂው።»

ገነቴ ሐኪም አልጠየቀችም። ሁለቱንም አጥብታ ያሳደገች ናት፤ የትኛው ሲዋሽ እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚናገር ታውቃለች። አሞጽን ትክ ብላ አየችው።

«በየትኛው እጅህ ያዝከው?» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

አሞጽ ነስሩን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሳህንና ማንኪያ የያዙትን እጆቹን አየ።

«በሁለቱም» አለ።

ገነቴ ሳህኑንም ማንኪያውንም ከእጁ ተቀበለችው። ነስሩ ልጇን ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ዞራ አላየችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የቀዘቀዘውን ሾርባ ለሚክያስ ታጠጣው ጀመር።